የተማረኩት እንቁላሎች

ካብዌ ከተማ ውስጥ፣ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር፣ ባና ምዋንሳን የማያውቅ የለም። ስሟ ኤፍራሲያ ነው። በጎሳዋ በቤምባ ዘንድ ግን የወለደች ሴት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ባና ምዋንሳ ማለት የምዋንሳ እናት ማለት ነው፤ ምዋንሳ ከተወለደ ወዲህ በክርስትና ስሟ የሚጠሯት ቄሱ ብቻ ናቸው።

በዚያ ዓመት ግቢዋ ፈንግል ገባና በዘጠኝ ቀን ሠላሳ አንድ ዶሮ ጨረሰ። ዶሮዎቹ ሟቹ ባሏ ሙታሌ ከካሳማ በባቡር ጭኖ ያመጣቸው የአንድ አውራና የሁለት ቄቦች ዘር ነበሩ። ከነሱ የቀረው በሽታው ሳይገባ የሰበሰበችው ሠላሳ ስምንት እንቁላል ነው። ጎረቤቶቿ “ጥበሺና ብዪው” አሏት። እሷ ግን አልጠበሰችውም። የምትታቀፍ ዶሮ ስለሌለች፣ ሙታሌ ከአሮጌ የቴሌቪዥን ሣጥን የሠራውን ማስፈልፈያ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ሁለት አምፖል፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ጣሳ ውኃ፤ ሌላ ነገር የለውም። እያንዳንዱን እንቁላል በአንድ ጎኑ መስቀል፣ በሌላው ክብ በእርሳስ ምልክት አደረገችበትና በቀን ሦስቴ ማገላበጥ ጀመረች። እነዚህ ካልተፈለፈሉ የሙታሌ ዶሮ ዘር አበቃ ማለት ነው።

ችግሩ መብራት ነው። ድርቅ ግድቡን አደረቀው ተባለና በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ይመጣ ጀመር፣ ያውም ደስ ባለው ሰዓት። እሺ፣ ግድቡ ይድረቅ። ታዲያ ከመንገዱ ማዶ ለምን አልደረቀም? ማዶ ያሉት ስምንት ቤቶች የክሊኒኩ መስመር ላይ ናቸውና መብራታቸው አይጠፋም። ክሊኒኩ ከነሱ ግማሽ ኪሎሜትር ይርቃል። የሰፈሩ የምክር ቤት ተመራጭ መኖሪያ ግን ከስምንቱ አንዱ ነው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የሰጠ እስካሁን አልተገኘም። ሕዝቡም ከሰል ገዝቶ ዝም አለ፤ ዝም ማለት የለመደ ሕዝብ ከሰል ሲወደድበትም ዝም ይላል።

ከስምንቱ ቤቶች ሌላው የጄሬ ነው። ጄሬ የንጎኒ ጎሳ ሰው ነው። የቤምባና የንጎኒ አያቶች ተዋግተው ሲታረቁ፣ ልጆቻቸው የቀልድ ዘመድ ሆነው ቀሩ፤ ይሰዳደባሉ፣ ዕቃ ይነጣጠቃሉ፣ መቆጣት ግን ነውር ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ማሳቅ የዘመዱ ግዴታ ነው። ሙታሌ ሲቀበር ጄሬ የሟቹን ቱታ ለብሶ፣ እንደሱ እያነከሰ፣ በለቀስተኛው መሀል “ምነው ገንፎው ዘገየ?” እያለ ዞረ። ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ባና ምዋንሳ ተነሥታ “ከግቢዬ ውጣ!” አለችው። እንዲህ ያለ ነገር በሰፈሩ ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ ከጄሬ ጋር ቃል አልተለዋወጠችም።

እና በምን አፏ መብራት ትለምነው? ውኃ በከሰል እያፈላች፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላች፣ በየሁለት ሰዓቱ ሣጥኑ ውስጥ ትከታለች። ቴርሞሜትሩ አንዴ ሠላሳ አራት፣ አንዴ አርባ ይላል። ልጇ ምዋንሳ ከሉሳካ ስልክ ደውሎ “እማዬ፣ ጄሬን ለምን አትጠይቂውም?” ሲላት፣ “መስመሩ ይቆራረጣል” ብላ ዘጋችበት። መስመሩ አልተቆራረጠም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሣጥኑ የለም። ቁልፉን ደፍ ሥር እንደምታስቀምጥ የማያውቅ የለምና በሩ አልተሰበረም። የአጥር ጎረቤቷ ቆሎ እየቆረጠመች፣ “ንጎኒዎች ዘመቱብሽ” አለቻት። “ባልና ሚስት ሆነው ነው የወሰዱት። እንደ ታቦት ነው የተሸከሙት።”

ባና ምዋንሳ ነጠላ ጫማዋ እስኪፈናጠር መንገዱን ተሻገረች። ሣጥኑ ጄሬ ሳሎን፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አምፖሎቹ በርተዋል። ጄሬ አጠገቡ ወንበር ስቦ ጋዜጣ ያነባል።

“አንተ አይጥ በላ! እንቁላሌን መልስ!”

“ደህና ዋልሽ፣ ዝንጀሮ በላ” አለ ጄሬ ጋዜጣውን ሳያጥፍ። “የተማረከ ንብረት አይመለስም። ቁጣ ደግሞ ክልክል ነው፤ አንዴ ተቆጥተሽ ደንቡን ጥሰሻል።”

“ስታመጡት አላናወጣችሁትም?”

“የሚስቴን እናት እንኳ እንዲህ ተሸክሜ አላውቅም።”

“መቼም አትሸከማትም” አለች ሚስቱ ከጓዳ። ቤሪታ ነው ስሟ፤ ብዙ አትናገርም።

ባና ምዋንሳ ጎንበስ ብላ ቴርሞሜትሩን አየች። ሠላሳ ሰባት ተኩል፣ ልክ የሚፈለገው። ከአሥራ ሰባት ቀን ወዲህ እንዲህ ረግቶ አይታው አታውቅም። ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

“ለሙታሌ ብዬ ነው” አለ ጄሬ። “የቀብሩ ዕለት ያደረግኩትም። ሳይሞት በፊት ራሱ ነው ያዘዘኝ። ‘ስሞት አረማመዴን እንዳታበላሽ’ ብሎ እዚሁ ሳሎን አንድ ወር ሙሉ አስለማመደኝ።”

ባና ምዋንሳ እግሩን አየች።

“በግራ ነው ያነከስከው” አለች። “እሱ የሚያነክሰው በቀኙ ነበር።”

“በቀኝ?”

“በቀኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ በሰው ሁሉ ፊት በግራ እግሩ አንካሳ አደረግከው።”

ጄሬ ተነሥቶ ሳሎኑን ወዲህና ወዲያ በሁለቱም እግሩ እያነከሰ ሞከረው። “ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር የሚያሳየኝ” አለ። “መስታወት አደረግኩት።” ከጓዳ ቤሪታ ሳቀች። ባና ምዋንሳም ሳቀች፤ ዓመት ከአራት ወር ዘግይታ፣ ጎኗን ይዛ።

ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ቅርፊቱን በሱ። ሙቀቱ እንዳይወጣ፣ ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት ሦስቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቁ ዋሉ። በማግስቱ ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ ስድስት ተፈለፈሉ። የቀሩት ወይ ውኃ ሆነዋል፣ ወይ ውስጥ ሞተዋል፤ በጠርሙስ ውኃ ሲቀዘቅዙና ሲቃጠሉ መሰንበቱን አልቻሉትም። እነሱን የጻፈ ጋዜጣ የለም። አሥራ ስድስቱን ካርቶን ውስጥ አድርጋ፣ በነጠላዋ ሸፍና፣ ማመስገኗም አለማመስገኗም ሳይታወቅ ተነሣች። ከደጃፉ ሆና ማዶ ቤቷን አየች። መብራት የለም። ጫጩት ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙቀት ይፈልጋል።

ካርቶኑን ይዛ ቆመች።

“ምን ረሳሽ?” አለ ጄሬ።

“አምፖሉን እንደበራ ተውልኝ።”

“እንዴት?”

“ጫጩቶቹ እዚሁ ይክረሙ።”

“እኛ ዘንድ ልመና የሚጀምርበት ቃል አለው። እናንተ ዘንድ ምን ይባላል?”

“እባክህ” አለች ባና ምዋንሳ፣ አጥር ማዶ እስኪሰማ።

“ቤሪታ! ነይ ስሚ፣ ቤምባ ለመነ!”

ቤሪታ ግን ካርቶኑን ከእጇ ተቀብላ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ የጫጩቶቹን አፍ አንድ በአንድ ሳህን ውኃ ውስጥ እየነከረች መጠጣት ታስተምራቸው ነበር።