የተረፈው መኖ

በሰው አገር፣ ሽሪምፕ የሚባለው ባለ ቅርፊት የውኃ ፍጥረት በሚረባበት ኩሬ ዳር፣ የእኔ ሥራ ውኃ ውስጥ የተቀመጠውን የመኖ ትሪ እያወጣሁ የተረፈውን ማየት ነው። ሽሪምፕ በሃይማኖቴ ስለማይበላ በባዶ እጄ ነክቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ሰሞን የአንዱ ኩሬ መኖ ሳይነካ ይወጣ ጀመር። አለቃዬ "እያበዛሽ ነው፤ ከተደገመ ትሰናበቻለሽ" አለኝ። እኔ ግን ሰፍሬ ነው የምሰጠው። ስለዚህ አብሮኝ የሚሠራውን፣ ከአገሬ ከቆቦ አጠገብ ካለችው ከዋጃ የመጣውን ሰው ጠረጠርኩ። ቦታዬን ለእህቱ ፈልጎ ከኋላዬ መኖ የሚጨምር መሰለኝ።

ሦስት ቀን ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል ዋልኩ። በኋላ ገባውና ሳቀብኝ።

"የቆቦ ሰው መቼም ጥላውንም ይጠረጥራል! ለመሆኑ አባትሽ፣ በሬው ጭዱን ሲተው ጎረቤቱን ነበር የሚከሰው?"

አፈርኩ። አባቴ በሬ ጭድ ሲተው አፉን ከፍቶ ከምላሱ ሥር አልቅት ይፈልግ ነበር። እኔም ሽሪምፑን ልመረምር ብዬ በወፍራሙ የሥራ ጓንቴ አልያዝ ቢለኝ አማትቤ አወለቅኩትና አንዱን ሽሪምፕ ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁት። ጀርባው ላይ ጠቆር ብሎ መታየት የነበረበት አንጀቱ ነጭ ሆኗል። በኩሬው ዳርም ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ተንሳፍፏል።

ለአለቃዬ ወስጄ አሳየሁት። ባለሙያው መርምሮ የአንጀት ተውሳክ ነው አለ። በሽታው ወደ ሌሎቹ ኩሬዎች እንዳይሻገር የዚያ ኩሬ መረብና ባልዲ ለብቻው ሆነ፤ እኔም ከሥራዬ አልተነሳሁም።

"ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት የዋጃውን ሰው።

"እግዜር ይቅር ይበልሽ። አሁን እጅሽን ታጠቢ" ብሎ ሳሙና አቀበለኝ።

ታጠብኩ። ዞር ሲል ግን መኖ ጨምሮበት እንደሆነ ትሪውን ደግሜ አየሁ።