እናቴ ስለመራቧ ይቅርታ የጠየቀችበት እሁድ

«ታዲያ የሊዲያ ደም ይመርመር ነው የሚሉት፣ ጋሼ ታደለ?» አልኩ።

«እኔ አላልኩም። ያለችው የብሩክ አክስት ናት። እኔ የተላክሁ ሰው ነኝ» አሉና ሁለተኛውን የሐብሐብ ቁራጭ አነሱ።

ከሁሉም ያበገነኝ ያ ሐብሐብ ነበር። ከዚያ ቀን አንድ ወር ቀደም ብሎ እኚሁ ሰውዬ እህቴን ሊዲያን ለብሩክ ሊጠይቁ ሲመጡ፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው ቪከሪ ሜዶ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ባለችው ጠባብ ሳሎናችን ውስጥ ኮታቸውን እንደለበሱ ቆመው ነበር። በዚያ ሙቀት ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ነገሩን ሊያፈርሱ ሲመጡ ግን ገና እናቴ «ግቡ» ሳትላቸው ሶፋው ላይ ተመቻቹ፣ ሐብሐቡንም ፍሬውን በሹካ እየለቀሙ በሉ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት የሰማሁት ስብከት ነው። ፎርት ዎርዝ ሰው አድርሼ ስመለስ መኪናው ውስጥ ከፍቼው ነበር። ሰባኪው የአባቶች ኃጢአት በልጆች ሴል ውስጥ ተጽፎ እንደሚገኝ ሳይንስ ደረሰበት አለ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ዘጋሁት። ቤቴ እስክደርስ ግን መሪውን አንቄ እንደያዝኩ ነበር።

የሐብሐቡ ነገር የሆነው ግን በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ ዓመታት መገባደጃ ላይ ነው። ያኔ እኔ ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ አንድ ሆቴል የእንግዶችን መኪና ፓርክ አደርግ ነበር፤ ፊደል ራሴን ያስተማርኩት ከመዝሙር መጽሐፍ ስለሆነ ግጥም እጽፋለሁ ስል የሚያምነኝ አልነበረም። ሊዲያ ባዮሎጂ ትማር ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ስለ እምነትና ሳይንስ ተናገሪ ብለው ጋበዟት፤ እሷም ስለ ሴል ትዝታ ተናገረች።

በግማሽ አማርኛ በግማሽ እንግሊዝኛ ነበር፤ ግን ገብቶኛል። የጉበት ሴል ሲከፈል ለምን ሁልጊዜ ጉበት ይሆናል? ለምን ቆዳ አይሆንም? የሁለቱም ዲኤንኤ አንድ ነው። ልዩነቱ ዲኤንኤው ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ ይህኛው ይነበብ፣ ያኛው ይዘጋ የሚሉ። ሴሉ ሲከፈል ምልክቶቹም አብረው ይገለበጣሉ፤ አዲሱ ሴል ምን እንደነበረ የሚያስታውሰው በዚያ ነው። እናት ነፍሰ ጡር ሆና ከተራበች፣ ረሃቡ የልጇን ምልክቶች ሊነካ ይችላል አለች። ምሳሌዋ እናታችን ነበረች፤ በሰባ ሰባቱ ረሃብ እኔን አዝላ፣ ሊዲያን በሆዷ ይዛ ሱዳን ድረስ በእግሯ የሄደችው። ቀጥላም፣ አዲስ ልጅ ሲፀነስ አብዛኛው ምልክት ይጠፋል፤ በሰው ከትውልድ ትውልድ የሚቀር መኖሩ ገና እያከራከረ ነው አለች።

ይህችን የመጨረሻዋን የሰማ አልነበረም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሠርግ በፊት የዘር እርግማን የሚቆረጥበት ጸሎት አለ። አያቱ ቃልቻ የነበረ ሰው ወደ ፊት ይወጣል፣ የአያቱን ሥራ በማይክሮፎን ይናገራል፣ እጅ ይጫንበታል። የሊዲያን ንግግር የሰማች የብሩክ አክስት፣ ይህች ልጅ በራሷ አንደበት ተናዝዛለች ብላ ቤት ለቤት አዳረሰችው። የጋሼ ታደለ መልእክትም አጭር ነበር፤ ሊዲያ ደሟን ትመርመር፣ በዚያው እሁድ ማታም ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ ፊት ቆማ ይጸለይላት፤ አለዚያ ሠርጉ ይቀራል።

«ጋሼ፣ እኔ እንደሱ አላልኩም» አለች ሊዲያ። «ሰው ሲርበው፣ ማለቴ፣ ቦዲው ለመኖር ነው የሚታገለው። ያ እርግማን አይደለም።»

ብሩክ በሩ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ እሱ ግን ጋሼ ታደለ ሃይዌይ ላይ መንዳት ስለሚፈሩ ሾፌር ሆኖ መጥቶ ነበር። ፋርማሲ ይማራል፤ ሊዲያ ያለችውን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ዞራ አየችው።

«ብሩክ፣ አንተ ንገራቸው።»

«ሶ... አንድ እሁድ እኮ ነው ሊዲ። ለሰላም ብለሽ።»

ልሰድበው ተነሳሁ። እናቴ በእጇ መልሳ አስቀመጠችኝ። እኔ ጋሼ ታደለን ከነሹካቸው የምታባርር መስሎኝ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የሄደች ሴት ናት። እሷ ግን ፊታቸው ቆመች፣ አንገቷን ደፋች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የምበላው አጥቼ ነው እንጂ ልጎዳት ብዬ አይደለም። ይቅር በሉኝ።»

«ማሚ፣ ሶሪ አትበያቸው» አለች ሊዲያ። እያለቀሰች ነበር። «እኔ አልቆምም። ሠርጉም ይቅር።»

ቀረም። ብሩክ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ኮል አላደረገም። ሊዲያ ዛሬ ሌላ አግብታ ሁለት ልጆች አሏት፤ እንደ ፍየል ግልገል ሲዘሉ ይውላሉ። እናቴ ግን አንዳቸው ባስነጠሱ ቁጥር «ከእኔ ነው» ትላለች። ሊዲያ ተቀምጣ ታስረዳታለች፣ እናቴም እሺ ትላለች፤ ልጁ እንደገና ሲያስነጥስ ያው ነው። ረሃቡ እህቴ ሴል ውስጥ ምን እንደተወ አላውቅም። ያ እሁድ እናቴ ላይ የተወውን ግን እሰማዋለሁ። በቀደም ትንሿ የሊዲያ ልጅ አፍንጫዋን እየጠረገች «ከአያቴ ነው» ስትል ሰማኋት፤ ያን ጊዜ ጋሼ ታደለ በሕይወት ቢኖሩ ብዬ ተመኘሁ፣ ለመልካም አይደለም።

የዚያን ቀን እናቴ ሊዲያን እሺ አሰኝታ እንደማትወስዳት ስታውቅ ቦርሳዋን አነሳች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አልኩ።

«እሷ ካልቆመች ሕዝቡ ፊት እኔ እቆማለሁ።»

ጋሼ ታደለ አፋቸውን ጠርገው ተነሱ፣ ብሩክ የመኪና ቁልፉን አወጣ። እናቴ ሁለቱን አስቀደመች። በራችን በሙቀት ስለሚያብጥ ካልሳቡት አይገጥምም፤ ከውጭ በሁለት እጇ ሳበችውና ዘጋችው።