ለተሰረዘ በረራ ሽማግሌ ተላከ

አያቴ አባባ ዛሬ ጠዋት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ለሽምግልና ወጡ። የሚለምኑት አየር መንገድ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ እሁድ ታገባለች፤ ያለችው ግን ዱባይ ነው። ትናንት "በረራሽ ተሰርዟል፣ ቀጣዩ ማክሰኞ ነው" አሏት። እማዬ አለቀሰች። ሙሽራው እዚህ ሚዛን ከተማ ሱፉን አስተኩሶ ቁጭ ብሏል።

ትኬት ቢሮ ያለችው ልጅ ወንበር ስትስብላቸው ሦስቱም ቆመው ቀሩ።

"እሺ ካላልሽን አንቀመጥም!"

"አባቶቼ፣ የሰረዝኩት እኔ አይደለሁም እኮ!"

"እናውቃለን ልጄ። ቢሆንም እሺ በይን።"

እኔ በር ላይ ሆኜ በሳቅ ልሞት ነው። አንደኛው ወገባቸውን ይዘው ማቃሰት ሲጀምሩ (ትወና ነው፣ እመኑኝ) ልጅቷ ተሸንፋ ኮምፒውተሯን ትነካካ ጀመር።

በናይሮቢ በኩል በሚያልፍ በረራ ላይ አንድ ቦታ ተገኘ!

"እሺ ብያለሁ! አሁን ተቀመጡልኝ!"

እህቴ አሁን ደወለች፤ አውሮፕላን ውስጥ ገብታለች። እማዬ እልል እያለች ጎረቤቱን አደንቁራለች።

አባባ ጋቢያቸውን እስካሁን አላወለቁም። "የማትሪክ ውጤትሽም ካስቸገረ ንገሪኝ፣ እንሄዳለን" ብለውኛል።

እናንተ ቤትስ ሽማግሌ የተላከበት ጉድ የለም? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሳቅ።