የታታሯ ሴት ሻሽ

ባለፈው ሳምንት፣ ሴንት ፖል ከተማ በማስተምርበት ክፍል፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ሥዕል አወጣሁ፤ አንዲት የታታር ሴት ከባሕር አጠገብ ቆማለች። ለማያውቅ ልንገርና፣ ታታሮች በጥቁር ባሕር ዳርቻም የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ሕዝብ ናቸው። ተማሪዬ ሃዊ «ሚስ፣ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር።

ያኔ ሆፕኪንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአክስቴ ከአልማዝ ጋር እኖር ነበር። ሥዕሉ ያለበት ሙዚየም ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎብኚ የሚያስረዳ አንድ ወጣት ይፈልጋል፤ ፈተናው ሥዕል መርጦ፣ ፊቱ ቆሞ መናገር ነው። ማስረዳት ከምግብ ይልቅ ይጣፍጠኝ ነበርና ቦታውን አጥብቄ ተመኘሁት። ሥዕሉን በስልኬ ለአክስቴ አሳየኋት። ሳምቡሳ እየጠበሰች በአንድ ዓይኗ አየችው።

«ሐዘንተኛ ናት። ሻሿን አላየሽም? ጥለቱ ፊቷ ጋ ነው፤ አዘቅዝቃዋለች።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ታች የሚውለው ጥለት ወደ አንገት ይወጣል። ታታሮችም እንዲህ ያደርጉ እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም። እንዲያውም እኔ ባሏን ባሕር በልቶት ነው ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍሁ።

ቀኑ የመጋቢት ቅዳሜ ነበር፤ በረዶው ቀልጦ የመንገዱ ዳር ጥቁር ጭቃ ሆኗል። አክስቴ፣ የሆቴል አንሶላ ከምታጥብበት ሥራዋ ኦፍ ጠይቃ፣ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችኝ። ሁለት ፈታኞች ፊት ስለ ሐዘኗ ስናገር አንደኛዋ ዓይኗን ጠረገች።

ሥዕሉን ከስልክ ውጪ በአካል ያኔ ገና ያየችው አክስቴ ተጠጋች።

«ውይ! አንቺ ልጅ፣ ነፋስ ነው እኮ! ሣሩን እዪው፣ ቀሚሷን እዪው! ሻሹንም ነፋስ ነው የገለበጠው። የምን ሐዘን!»

«አክስቴ፣ ቀስ በይ።»

«ምን እያሉ ነው?» አለች ዓይኗን የጠረገችው ፈታኝ።

የአክስቴ እንግሊዝኛ ገና አልተፈታም ነበር፤ «ጎበዝ ነሽ ትለኛለች» ብል የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ሥዕሉን አየሁ። ሣሩ በእርግጥም ወደ አንድ ወገን ተኝቷል።

«ተሳስተሻል ነው የምትለኝ» አልሁ፤ «ልክ ናት።»

ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። መኪና ውስጥ አክስቴ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ እያቀበለችኝ «አፌን በቆረጠው» አለች። ተቀይሜያት ነበር፤ ቢሆንም እስከ ሆፕኪንስ ድረስ ነፋሱ ከባሕሩ ነው፣ ከተራራው ነው እያልን ተከራከርን።

ይህን ሁሉ ለሃዊ ነገርኋት። ወደ ስክሪኑ ተጠጋችና «ነፋስ ቢኖርም እኮ ልታዝን ትችላለች» አለች።

ሦስት ገጽ ሙሉ ሐዘንተኛ ናት፣ ከዚያ ደግሞ ዓመታት ሙሉ አይደለችም ስል ኖሬ፣ ከሻሹ አልፌ ፊቷን በደንብ አይቼው እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ወንበር ስቤ ከሃዊ አጠገብ ተቀመጥሁ።