ከመርከብ የወረዱት አራቱ

ሮም ከገባሁ ጀምሮ የማስታምማቸው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መኝታ ክፍላቸው ውስጥ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሏል፤ በምዕራቡ ጠረፍ ላይ አንዲት የወረቀት መርከብ በስፒል ተሰክታለች። እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው መርከቧን የማንቀሳቅሳት እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ ትራስ ተደግፈው የአንድ ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ጉዞ ይተርኩልኛል። እኔ ደግሞ ያልታጠበ ሳህኔን ትቼ፣ "ትንሽ ወደ ታች" ባሉኝ ቁጥር ነቅዬ እሰካለሁ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ሽማግሌ ላስታምም ተቀጥሬ መርከብ ነጂ ሆንኩ እያልኩ ጓደኞቼን አስቅ ነበር።

አንድ ቀን መርከቧ ከአንድ ትልቅ ወንዝ አፍ ደረሰች።

"አሎራ፣ እንግዲህ" አሉኝ፣ "እዚህ መርከበኛው ወደ አገሩ ንጉሥ የላካቸው መልእክተኞች ሳይመለሱ ቀሩ። እሱም ተናደደና መርከቡን ሊያዩ ከወጡት የአገሩ ሰዎች አራቱን ይዞ ሄደ። ለቀሩት በምልክት፣ በአሥራ አምስት ጨረቃ እመልሳቸዋለሁ አላቸው።"

ስፒሏን እንደያዝኩ ቀረሁ። አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ትቻት የመጣሁት ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። በዓመቱ እመለሳለሁ ብያታለሁ። በጣቴ ስቆጥር ከመጣሁ አሥራ አምስተኛ ወሬ ነው።

"መለሳቸው?" አልኳቸው።

"መለሳቸው። ቃሉን ጠበቀ።"

ሰው ጠልፎ የሄደው ቃሉን ጠበቀ፤ እናት ነኝ የምለው እኔ አልጠበቅኩም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ አልወጣም፤ ያለሱ ከጣሊያን ከወጣሁ ተመልሼ መግባት የለም። ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍት ስለሆነ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለሕዝብ ስልክ ተሰልፌ እደውላለሁ። ልጄ ስልኩን ከእናቴ እጅ ነጥቃ "እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" ትለኛለች። "ወረቀቴ ሲወጣ" እላታለሁ። በኋላ መጠየቋን ተወችው። ስለ ትምህርት ቤቷና ስለ ጎረቤት ድመት አጫውታኝ፣ ደኅና ሁኚ ብላኝ ትዘጋለች። መጠየቅ ማቆሟ ከመጠየቋ ይልቅ አስፈራኝ።

በሁለተኛው ዓመት ብርድ ሲገባ ሽማግሌው መዘባረቅ ጀመሩ። ጠዋት መጋረጃ ስከፍት ትክ ብለው ያዩኝና "ከአራቱ የትኛዋ ነሽ?" ይሉኛል።

"እኔ ነኝ፣ ሲኞሬ። መድኃኒትዎን ይዋጡ።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ" ብለው ይውጣሉ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አያርፍም፤ በትከሻዬ አልፎ ከኋላዬ ከቆመ ሰው ወደ ሌላው፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። አልዋሽም፣ ዞር ብዬ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል ስወለውል ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ሆነ።

ፔርሜሶዬ የወጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። የሽማግሌው ልጅ የሟች እናቷን ካፖርት ሰጠችኝ። በልኬ የተሰፋ ይመስል ልክክ አለብኝ። እሱን እንደለበስኩ ልሰናበታቸው ገባሁ። ያን ዕለት ልባቸው ተመልሶ ነበር፤ በስሜ ጠሩኝ። ከዚያ ካፖርቱን ከታች እስከ ላይ አዩት።

"መርከበኛው አራቱንም እንዲህ አልብሷቸው ነበር" አሉኝ። "ከመርከብ ሲወርዱ ሰዉ ከሞት የተነሡ ያህል ተቀበላቸው።"

"ታዲያ ደስ አላላቸውም?"

"ደስታማ ደስታ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው፣ እያንዳንዳቸው ቤታቸው ሲገቡ ምን እንደሆነ ነው። እሱን የጻፈ የለም።"

አዲስ አበባ ስደርስ እናቴ በር ላይ እልል አለች፤ ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ እየዳበሰች አለቀሰች። ልጄ ከመዝጊያው ጀርባ ቆማለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁላት። ስሟን ጠራሁ። ካፖርቱን ከታች እስከ ላይ አየችውና በክንዴ ሥር ሾልካ ወደ ሳሎን ሮጠች።

ተከትያት ገባሁ። የስልኩን ዳንቴል ገልጣ፣ እጀታውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛለች።

"እማዬ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አንዲት ሴትዮ መጥታለች። አያቴን አስለቀሰቻት። ቶሎ ነይ።"