አልወደቁም

የያዙኝ መርሳ ውስጥ፣ ሰባተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነው። በዋዜማው ሥርዓተ አጽምን ጀምረን ነበር። ትምህርት ቤታችን የአጽም ሞዴል የለውም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከክርናቸው እስከ እጃቸው አንጓ የራሳቸውን ክንድ እንዲዳስሱ አደረግኩ። ሁለት አጥንት ጎን ለጎን መኖሩን ሲያገኙ ክፍሉ በጫጫታ ተሞላ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሰው ሲሞትስ አጥንቱ ምን ይሆናል?»

«ብዙ ዘመን ይቆያል» አልኳት። «የሚያውቅ ሰው ካየው፣ ባለቤቱ እንዴት እንደተጎዳ ሊናገር ይችላል።»

ይቺ ቃል በአንድ ሌሊት የት እንደደረሰች አላውቅም። በማግስቱ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ከነጠመኔዬ ወሰዱኝ።

«የማንን አጥንት ልታስቆፍር ነው?» አለኝ መርማሪው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅ አመለጠኝ። በጥፊ መታኝ።

ያስገቡን ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ቀትር ላይ የቆርቆሮው ሙቀት ናላ ያዞራል። አጠገቤ የሚተኙት ከውርጌሳ ከተማ በላይ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው። የታሰሩት ልጃቸው ተፈልጎ ስለታጣ ነው። ሰላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ ሁላችንንም በየእምነታችን ይመርቁን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሯቸው። ሲመለሱ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ታቅፈው ነበር። ቀስ ብዬ ዳሰስኩት። በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ ተሰብሯል።

«አባቴ፣ ምን አደረጉዎት?»

«በዱላ ወደ ራሴ ሲሰነዝር እጄን አነሳሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ ልጄ?»

ጥምጣማቸውን ፈትተው ሰጡኝ። ካርቶን ቀድጄ በሁለት በኩል ደገፍኩትና አሰርኩላቸው። ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት።

በማግስቱ ከወልድያ አንድ ኃላፊ ሊጎበኝ መጣ። ከመግባቱ በፊት መርማሪው ወደ ጥግ ጠራኝ። «ሽማግሌው ሽንት ቤት ወደቁ በል። ዛሬውኑ ተፈትተህ ከተማሪዎችህ ጋ ትገባለህ።»

ሽማግሌው ሰምተውት ኖሮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «በለው ልጄ። ወደቁ በልና ሂድ። አላህ እንደሁ አይቷል።»

ኃላፊው የታሰረውን ክንድ አይቶ ጠየቀ። መርማሪው በአባቱ ዕድሜ ወዳሉት ሰው በጣቱ እየጠቆመ «አንተ፣ ተነስ!» አላቸው። ከዚያም፣ «ወድቆ ነው። መምህሩም አብሮት ነበር፤ ንገራቸው እንጂ» አለ።

ከዱላው ይልቅ ያ «አንተ» አንጀቴን አቃጠለው። ተነስቼ ቆምኩ።

«አልወደቁም» አልኩ። «ሰው ወድቆ በመዳፉ ሲደገፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው አንጓው አጠገብ ነው። የእሳቸው መሃሉ ላይ ነው። እዚህ ጋ የሚመታ፣ ራሱን ሊያድን እጁን ያነሳ ሰው ነው።» ክንዴን ከግንባሬ በላይ አንስቼ አሳየሁት።

«ሐኪም ነህ?» አለኝ ኃላፊው።

«አይደለሁም። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ።»

ኃላፊው ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። «ሐኪም ቤት ውሰዷቸው» ብሎ ወጣ። ማን መታቸው ብሎ አልጠየቀም። ሽማግሌውን ወሰዷቸው፤ እኔን የዚያን ቀን ማታ ምን እንዳደረጉኝ አልጽፈውም። የተፈታሁት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ተፈትተው አገራቸው ገብተዋል። ክንዳቸው ጠምሞ ገጠመ። እርፍ መጨበጥ ስለተሳናቸው መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። ገበያ ስንገናኝ በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ስለ ቤተሰቤ ይጠይቁኛል። ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም።

መርማሪውንም አየዋለሁ፤ ዛሬም እዚሁ ነው። ባለፈው ማንጎ ሲገዛ ተገጣጠምን፤ እንደ ድሮ ወዳጅ «ደህና ነህ መምህር?» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ አቆየሁት። ያዩት ሰዎች «ያለፈው አልፏል፤ ይቅር በለው» አሉኝ። እኔን ይለምኑኛል እንጂ፣ ውርጌሳ ድረስ ወጥቶ ያን ሽማግሌ ይቅርታ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።