በመስኮቱ ላይ የቀረው ዐረፍተ ነገር

ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ ይደርሳል ይሉታል ሰፈርተኞቹ። ሰውየው ቀጭን ነው፣ አጭር ነው፤ ከሕዝብ መካከል ቢጠፋ ፈላጊ የለውም። አፉን የከፈተ እንደሆነ ግን የሦስት ሰፈር መስኮት ይከፈታል። አውቶቡስ ተራ ረዳት ሆኖ የከተሞችን ስም ሲጠራ የበሰለ ጉሮሮ ነው። ኋላ አንድ የድምፅ ማጉያ፣ አንድ የመኪና ባትሪና አንድ የእጅ ጋሪ አበጅቶ የጠፋ ቁልፍ፣ የተከፈተ ሱቅ፣ የክትባት ቀን እየዞረ ሲያስታውቅ የወጣለት ስሙ ተረሳና «ነጋሪት» ሆኖ ቀረ። «ነጋሪት ሆድ የለውም፤ የመቱትን ብቻ ነው የሚናገረው» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሆድ እንዳለው የሚያውቁት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው።

እናቱ ዓይኗን ያጣችው እሱ ገና ረዳት ሳለ ነው። ጨለማው ባንድ ጊዜ አልመጣባትም፤ እንደ ምሽት ቀስ ብሎ ወረደባት። ቤታቸው ወንዝ ዳር ናት፤ ከጓሮው አጥር በታች ውኃው ነው። ቤቱን በእጇ ታየዋለች። ከበሩ እስከ ምድጃው፣ ከምድጃው እስከ ጓሮው የልብስ ገመድ መዳፏ የሚያልፍበት ግድግዳ በወገብ ልክ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ከላይ አገር መዝነቡን ከወንዙ ድምፅ ታውቃለች። ውኃው ሞልቶ ሲያጓራ ደግሞ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታንጎራጉራለች፦

አንተ ወንዝ አትጩኽ፣ ቀስ ብለህ ውረድ፤
ዓይኔን ሰጥቻለሁ፣ ቤቴን አትውሰድ።

ልጅዋ እንጉርጉሮውን በሰማ ቁጥር ውኃውን ይፈራል። ውኃው የተወውን የሚወስድ ሌላ ነገር እንዳይመጣም ይፈራል።

ያ ሌላ ነገር ባንድ ጧት ሜትር ይዞ መጣ። ሁለት ሰዎች ከወንዙ አፋፍ ጀምረው እየለኩ መጡና በየቤቱ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም አኑረው ሄዱ። እናቱ ከውስጥ ሆና ግድግዳችንን የሚታከከው ማነው ብላ ጠየቀች። ኳስ የጠፋቸው ልጆች ናቸው አላት። ወዲያው ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሮ ቀለሙን ሲፈትግ ዋለ። ቀለሙ ግን አልጠፋም፤ ፈዝዞ፣ ሰፍቶ፣ እንደ ቁስል ጠባሳ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ኮቴ በሰማ ቁጥር ይደነግጥ ገባ።

የሰፈሩ ሰው ለክልሉ ምክር ቤት የመረጣት ሴት ነርስ ነበረች፤ እስከ ዛሬም ሲስተር ነው የሚሏት። በሰፈሩ መርፌዋን ያልቀመሰ ክንድ የለም። ምክር ቤቱ ጉባኤውን ሲዘጋ መጥታ ምን ሕግ እንደወጣ ለመራጮቿ ትናገራለች። የምትናገርበት አዳራሽ ጠባብ ነው፤ የሚበዛው ሰው ግቢው ውስጥ ይቀመጣል። ድምፅዋ ደግሞ ክር ነው። በማጉያው ሲሞክሩት ያፏጫል እንጂ ቃል አይወጣውም። ስለዚህ ነጋሪት የአዳራሹ መስኮት ደፍ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። እሷ አንድ ዐረፍተ ነገር ትልና ትቆማለች፤ እሱ ያንኑ ለግቢው ይደግመዋል። ሰዉ ይህን ለምዶ፣ ከነጋሪት አፍ ያልሰማነው ሕግ አልወጣም እስከ ማለት ደርሷል።

የዘንድሮው ቀን ሲደርስ እናቱ እኔም እሄዳለሁ አለች። የእግሩን መንገድ ርቀት፣ የፀሐዩን ግለት ቢቆጥርላትም አልሰማችውም። የልጄን ድምፅ ሰው ሁሉ ሲሰማ እኔ ብቻ ቤት ልቅር ወይ ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር፣ ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ጎን አስቀመጣት።

ሽቦውን ሲያገናኝ ሲስተር መጣች። እጁን ጨብጣ ቶሎ አልለቀቀችውም።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት። ያውልሽ፣ ከዛፉ ሥር።»

ወደ ዛፉ አየች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ወደ ጫማዋ መለሰች። ወደ አዳራሹም ገባች። ነጋሪት ማይክራፎኑ ላይ የታሰረውን መሐረብ ፈትቶ መልሶ ጠመጠመው።

አጀማመሯ መልካም ነበር። የቦኖ ውኃ ቀኑን ሙሉ እንዲከፈት የሚያዝ ሕግ ወጥቷል አለች፤ ነጋሪት ደገመው፤ ግቢው አጨበጨበ። በሐኪም ቤት አራስ ሴት ወረፋ እንዳትጠብቅ ተደንግጓል አለች፤ ይኸም ተደገመ፣ እልል የሚል አልጠፋም። የጫኝና አውራጆች አለቃ ከወደ ኋላ ሆኖ ጮክ አለ፦

«አንተ ነጋሪት፣ ጥጡን ጨርሳ አሸችን እኮ። መርፌው መቼ ነው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር መርፌ ልትወጋ ስትል ክንድን በጥጥ እያሸች አያምም፣ አያምም ማለቷን የማያስታውስ የለም። ነጋሪት ግን አልሳቀም። አዳራሹ ውስጥ ሲስተር ወረቀቷን ስትገለብጥና ውኃ ስትጎነጭ እያየ ነበር።

«የወንዝ ዳርቻን ለመጠበቅ በወጣው ሕግ መሠረት» አለች ሲስተር፣ ድምፅዋ ከወትሮው ቀጥኖ፣ «ከወንዙ በሃምሳ ሜትር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ከመጪው ክረምት በፊት ይነሣል።»

ቆመች። ተራው የሱ ነው። ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ከዛፉ ሥር እናቱ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ሰጥታ ትጠብቃለች። ያቺ ቤት ከሄደች እናቱ ዳግመኛ ትታወራለች። ይህን ደግሞ በራሱ አፍ፣ በማጉያ፣ በሕዝብ ፊት ሊነግራት ነው። አውቶቡስ ተራ ብርድና አቧራ ያላሸነፈው ጉሮሮ እንቢ አለ።

ሲስተር ቀና ብላ አየችው። እሷም ፈርታ ኖሮ ዝምታውን ወደደችው መሰለኝ፣ አልጠበቀችውም። ምትክ ቦታ የሚፈልግ ወይም ቅሬታ ያለው ዛሬ አዳራሹ ሳይዘጋ እዚሁ ይመዝገብ አለች። ነጋሪት እሱንም ዋጠው። ውስጥ ያለው ሰው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም ጀመር። ግቢው ምንድነው እያለ ሲጠይቀው ነጋሪት ማይክራፎኑን አንሥቶ ስለ መንገድ መብራት እየተከራከሩ ነው አለ። በማጉያው ያልተመታውን የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰዉ አመነው። ለምን አያምነው? አንዳንዱ ልብሱን እያራገፈ ለመሄድ ተነሣ፤ ልብስ ሰፊዋም ተነሣች። የሷም ቤት ወንዝ ዳር ነው።

እናቱ ግን በዱላዋ መሬቱን እየደበደበች ወደ መስኮቱ መጣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ደፉን በእጇ ፈልጋ አገኘችና የልጇን ጉልበት ያዘች።

«ሁለት ዘለልክ» አለችው በዝግታ።

«ምን ዘለልኩ፣ እማዬ?»

«እሷ ታንሾካሹካለች፣ አንተ ትጮኻለህ። እሷ ታንሾካሹካለች፣ አንተ ትጮኻለህ። ስሰማችሁ ነው የዋልኩት። ሁለት ጊዜ እሷ አንሾካሾከች፣ አንተ ዝም አልክ።»

ማይክራፎኑን ጭኑ ላይ አኖረው።

«ቤታችን ነው አይደል? ግድግዳውን በጋዝ ስትፈትግ ሸትቶኛል። ኳስ የሚፈልግ ልጅ በቀለም ይጫወታል እንዴ፣ ሞኝዬ?»

«ፈራሁ፣ እማዬ።»

«እኔም ፈርቻለሁ። ግን የኔን ቤት ብቻ መስሎህ ነው የደበቅከው? ይቺ ልብስ ሰፊ ልጆቿን ይዛ ስትሄድ ኮቴዋን እሰማለሁ። መልሳት።»

ነጋሪት ማይክራፎኑን አነሣ። ድምፁ መጀመሪያ እንደ ሲስተር ክር ሆኖ ወጣ፤ ኋላ ግን ሰፋ። መብራት ያልኩት ውሸት ነው አለ። ከዚያ የሃምሳ ሜትሩን ነገር አንድ ቃል ሳይቀንስ ተናገረ፤ ስለ ምዝገባውም ተናገረ። የሄዱት ከመንገድ ተመለሱ። ልብስ ሰፊዋ አንድ እጇን አፏ ላይ፣ አንዱን ልጇ ራስ ላይ አድርጋ ቆመች። የጫኞቹ አለቃ እንኳ ቀልድ አላወጣም።

ሲስተር ወደ መስኮቱ መጣች። አሮጊቷ ትንፋሿን ሰምታ ፊቷን ወደሷ አዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ መርፌ ስትወጊኝ ሁሌ አያምም ነበር የምትዪኝ። አሁንስ?»

ሲስተር ወንዙ ባለፈው ክረምት ከላይኛው ሰፈር አንድ ቤት ከነሰዎቹ መውሰዱን፣ ሕጉም ለዚያ መውጣቱን፣ እጇንም ለዚያ ማውጣቷን ልትናገር ትችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው።

«ያማል፣ እማማ» አለች።

«አሁን አመንኩሽ። ነይ፣ ጽፊኝ።»

አሮጊቷ መጀመሪያ ተመዘገበች፤ ሌላው ከኋላዋ ተሰለፈ። ምን ትፈልጊያለሽ ብለው ሲጠይቋት፣ የምትሰጡኝ ቤት ውኃው የማይደርስበት፣ የውኃው ድምፅ ግን የሚደርስበት ይሁን አለች። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚሞላ ግራ ገብቶት ሲስተርን ቀና ብሎ አያት። ሲስተርም «እንዳሉት ጻፈው» አለችው።

መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ነጋሪት ጋሪውን እየገፋ ይዞራል፤ የጠፋ ቁልፍ፣ የክትባት ቀን ያስታውቃል። ደመና ከላይ አገር በጠቆረ ቁጥር ግን ቃሉ አፉ ላይ ይሰበርና ወደ ቤት ይሮጣል። በሩ ላይ ይቆምና ጆሮውን ይሰጣል። ከውስጥ የእናቱ መዳፍ ግድግዳውን ሲዳስስ፣ ሸር፣ ሸር ሲል ይሰማል፤ ከጓሮ ደግሞ ውኃው። የቱ እንደቀረበ ለመለየት ትንፋሹን ይዞ ይቆማል።